ሹሩባ የተሠራችው አሻንጉሊት

ታኅሣሥ 14
ውርጩ ዛሬም ጣቴን በላው። የእትዬ ውዴን ልብስ አጥቤ ስመለስ ልጄ ፍቅርተ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «እማ፣ ሚስ ሁስና ረጅም ካልሲ አምጡ ብላለች! ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ የገና አባት ስጦታ ይሞላዋል!»
የገና አባት... በእኛ ቤት እኔው ነኝ እንግዲህ። ወላጅ በድብቅ ሞልቶ፣ አፉን ሰፍቶ ለሚስ ይስጥ ተብሏል። ለፈረንጅ ወግ እኛ ምን ቤት ነን? ግን የሰው ልጅ ሁሉ ሞልቶለት የእሷ ባዶውን ቢንጠለጠልስ? አንጀቴ አይችለውም።

ታኅሣሥ 16
የእትዬ ውዴን ጓዳ ሳጸዳ አንዲት አሻንጉሊት ወጣች። ፀጉሯ የተነጨ፣ ልብስ የሌላት፣ የግራ እግሯን ጣት ውሻ ያኘከው።
«ጣያት እባክሽ፣ ህሊና እንደሆነች ረስታታለች» አለች፣ ልጇን ማለቷ ነው።
እኔ ልጥል? በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤት! ፍቅርተ እንዳታያት አልጋ ሥር ሸጎጥኳት።

ታኅሣሥ 19
መዘዞ ያለችው እህቴ የላከችልኝን ጥቁር የበግ ፀጉር ፈትዬ ጭንቅላቷ ላይ ሰፋሁት። ሹሩባ ሠራኋት። ከነጠላዬ ጥለት ቀሚስ ወጣላት። ወይ ማማሯ! በራሴ የሱፍ ካልሲ ከተትኳት፣ ትንሽ የገብስ ቆሎና አንድ ብርቱካን ጨመርኩ። ለሚስ ሁስና ሰጠሁ። ተገላገልኩ።

ታኅሣሥ 23
ጉድ ፈላ!
ልብስ ስጨምቅ እትዬ ውዴ መጣች። «ህሊናን ከግል ትምህርት ቤቱ አወጣኋት። ክፍያው አልተቻለም። ከፍቅርተ ጋር አንድ ክፍል ገባች።»
ልብሱ ከእጄ ወደቀ። ካልሲው የሚከፈተው እኮ ወላጅ ሁሉ ባለበት ነው! ህሊና ካወቀቻትስ? ልጄን «የቆሻሻ ልጅ» ቢሏትስ? እኔንስ... ሌባ? «ጣያት» ስትለኝ ማን ሰማ? ልንገራት ብዬ ነበር... አፈርኩ።

ታኅሣሥ 24
ሚስ ሁስናን ለመንኳት። ካልሲውን አንዴ ስጪኝ፣ የረሳሁት ነገር አለ።
«ውይ፣ የፍቅርተ እናት፣ እንዴት አድርጌ? ልጅሽ እኮ እየመጣች ትዳስሰዋለች። አንድ ቀን ብታጣው ታለቅሳለች።»
ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 26
ተከፈተ።
ፍቅርተ አሻንጉሊቷን አውጥታ እቅፍ አደረገቻት። ህሊና ከነካልሲዋ ቀረብ አለች። አየቻት... ጎንበስ ብላ የአሻንጉሊቷን ግራ እግር ያዘች።
«ይቺ የኔ ናት! ሉሉ ናት!»
ወላጁ ሁሉ ወደኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!
ልጄ ግን ምንም አልደነገጠች። «ታማ ነበር እኮ። እማዬ አዳነቻት።»
ምን? ታውቃለች? «አልጋ ሥር ተኝታ አየኋት። ፀጉር እስኪበቅልላት ዝም አልኩ።»
አንዷ እናት «ከየት አምጥታት ነው?» ስትል ሰማሁ። እትዬ ውዴ ብድግ አለች። አሁን አለቀልኝ አልኩ።
«እኔ ነኝ ጣያት ያልኳት» አለች ጮክ ብላ። «የጣልኳት እኔ ነኝ።»
እንባዬ መጣ። ህሊና የራሷን ካልሲ እንኳ ሳትከፍት ሉሉን ብቻ ታያለች።

ታኅሣሥ 29
ገና። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገና ሳንቀመጥ በር ተንኳኳ። እትዬ ውዴ! ይሄን ሁሉ ዘመን ልብሷን ሳጥብ ቤቴን ረግጣ አታውቅም። ህሊና ከኋላዋ ተደብቃለች፣ ከካልሲዋ የወጣች አዲስ አሻንጉሊት ይዛ። ወርቃማው ፀጉሯ ግማሹ የለም።
«ማን ነጨው የኔ ልጅ?»
መሬት መሬት አየች። «ታማለች... አድኚልኝ።»
እትዬ ውዴ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ምን ላድርግ፣ እናንተ አልጋ ሥር ካላስተኛናት አለችኝ።»
ፍቅርተ እጇን ይዛ አስገባቻት። መርፌና የበግ ፀጉር አወጣሁ። እትዬ ውዴ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ለኔም ክር ስጪኝ» አለች።