ጥላዬ የሚባል ሰው

ደሴ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ከሰዓት 11፡00

ከቢስቲማ፣ ከወረባቦ ከተማ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። እግሬ አብጧል። ደብተሬ፣ አታጽናኚኝ፤ ብቻ ያዢልኝ።

የማውቀው ይህን ያህል ነው። አባቴ ሰይድ አሊ፣ የወረባቦ ሰው። እማዬን ይዞ ጅቡቲ ወደብ ሊሠራ ሄደ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሞተ። እማዬም አገሯን ዳግም ሳታይ ባለፈው ዓመት እዚያው ሞተች። የአባቴን ታላቅ ወንድም ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስታነሳው ኖረች፦ ጥላዬ እንዲህ አለ፣ ጥላዬ ለመንገዳችን በሶ አስቋጠረ። በሕይወት ካለ፣ የቀረኝ ዘመድ እሱ ብቻ ነው።

የቀበሌ ጽ/ቤቱ ጸሐፊ መዝገብ እያገላበጠ ቀለደብኝ። ወረባቦ ላይ ዐይንሽን ጨፍነሽ ድንጋይ ብትወረውሪ የምትመቺው ሰይድ አሊን ነው አለ። ጥላዬ አሊ ግን የትም የለም።

ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

ደሴ ፒያሳ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ እትዬ ዘሀራ። ሰባ ያለፋቸው፣ የወረባቦ ተወላጅ። የምፈልገውን ሰው ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንቺ፣ ይህ እኮ ስም አይደለም። የሙሽራ ስም ነው።»

ሙሽራ የባሏን ዘመድ በስሙ አትጠራም፤ ነውር ነው። የራሷን ስም ታወጣለታለች። እሳቸው የባላቸውን ወንድም እስከ ዛሬ ጌትዬ ነው የሚሏቸው። ዋናው ስማቸውስ ብላቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። እንጀራዬ ልብ ወለድ መጻፍ፤ ለሰው ስም ሳወጣ እውላለሁ። እናቴ ያወጣችለትን ስም ግን የመታወቂያ ስም አድርጌ መዝገብ አስገላበጥኩ።

አብሽሪ አሉኝ። መዝገብ ባያውቀው፣ የተጠራበት ሰው ያውቀዋል።

ቢስቲማ፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡00

እትዬ ዘሀራ አብረውኝ መጡ። ከጁምዓ በኋላ አንድ ሽማግሌ መስጊዱ በር ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁልኝ፦ ሙሽራ ጥላዬ ስትለው የነበረ፣ ወንድሙ ሰይድ ጅቡቲ የቀረበት ሰው ታውቃላችሁ? ሰዉ ሳቀ።

«እኔን ማርዬ ነበር የሚሉኝ፤ አልሆናትም ወይ?» አሉ አንድ ጥርስ የሌላቸው።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። የእናቴን ስም ጠየቀኝ። ፋጡማ አልኩ። የቤታችሁ ጎረቤት ነበርን አለ። ጥላዬ ማለት አህመድ አሊ ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ፣ ሴት ልጁ ዘንድ ነው። ስልክ ሰጠኝ።

ዓርብ፣ ከሰዓት 11፡30

ደወልኩ። አጎቴ ልል አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ጥላዬ ነው። ከዚያ፦

«ሙሽራዬ ናት የላከችሽ?»

አዎ አልኩ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ደህና ናት ወይ አሉ። ልጇ ነኝ፣ መቼ ልምጣ? ብዬ አለፍኩት። እሁድ ልጆቼ ይሰበሰባሉ፣ ያኔ ነይ አሉ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ፈሪ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡00

እትዬ ዘሀራ አልወቀሱኝም። ወላሂ ደግ አደረግሽ አሉ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ይዞ፣ ቤት ተገብቶ ነው። እሳቸውና ሁለት ሽማግሎች አብረውኝ ይሄዳሉ።

ነግሬ ልመለስ? ብዬ ጠየቅኩ። ምን ሆነሻል አሉ። አንቺ እንግዳ አይደለሽም፤ ባለ ሐዘን ነሽ። ለቀስተኛው ወዳንቺም ነው የሚመጣው።

ጅቡቲ ላይ ያስተዛዘነኝ ጎረቤት ነበር። አብሮኝ የሚቀመጥ ዘመድ አልነበረም።

ሰኞ ወደ ጅቡቲ ልመለስ ነበር። ቀረ። ነገ ጠዋት 12፡00 ከሽማግሎቹ ጋር ወደ ኮምቦልቻ። ሦስት ቀን ሐዘን እቀመጣለሁ። ለእማዬ፣ እኔና ጥላዬ፣ ሁለት ሆነን።