የአዋላጆቹ መልስ

ኅዳር 11፣ ማለዳ

በወፍጮ ቤት የተወራው ስሕተት ነው። የልጆች ልደት የጻፍኩበት መዝገብ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። በዚህ ቤት በእጄ የተጻፈበት ደብተር አንቺ ብቻ ነሽ፤ ባንቺም ላይ ያለው የዝናብ፣ የሰሊጥና የወገቤ ነገር ነው። ሁለተኛ ስሕተት፦ ሰማንያ ዓመቷ ነው ይላሉ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሲያወሩ አጣርተው ቢያወሩ ምን ነበረበት።

ወሬው ከምን እንደተነሣ ግን አውቃለሁ። ብሔራዊ ውትድርና መጥቷል። አሥራ ስምንት የሞላው ይሄዳል። እዚህ ቆላ የልደት ወረቀት ያለው ማን ነው? እናት አሥራ ስድስት ትላለች፣ ጎረቤት ሃያ ይላል። ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ። የሁሉም ቀን በራሴ ውስጥ አለ። አባቴ መርጌታ ነበሩ፤ መዝሙረ ዳዊትን በአለንጋ ነው ያስጠኑኝ፤ አንድ ፊደል ከሳትኩ ከመጀመሪያው። እንዲህ የተማረ ራስ አይረሳም። ዛሬስ ቢረሳ ይሻለው ነበር።

ሰሊጡ ተራግፎ አለቀ። ማሽላው ቀርቷል። ሳሉጎቹ፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረዱት፣ ግማሾቹ በሎሪ በሸሕዲ ከተማ አድርገው ወደ አገራቸው ተመለሱ። መንደሩ ጸጥ አለ።

ኅዳር 12፣ ከቀትር በኋላ

ሊ/መ መጣ። የገ/ማኅበራችን ሊቀ መንበር፤ ሦስት ልጆቹን ያዋለድኩለት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሽምብራ ሰጠሁት፤ አንድ አንድ እያለ ቆረጠመ። ክፉ ሰው አይደለም። የሚያዙት አሉት።

ነገሩ ይህ ነው። ኅዳር 22፣ ሰኞ፣ ልጆቹ በጽ/ቤቱ ደጃፍ ይሰለፋሉ። ከወረዳ ሰዎች ይመጣሉ። እኔ የእያንዳንዱን ዕድሜ እናገራለሁ፤ እሱ ያልኩትን ይጽፋል። ለምን እኔ አልኩት። «እርስዎ ዋሽተው አያውቁማ፣ እማማ።» እንደ ምስጋና ነው የተናገረው። እምቢ ብልስ? አቀረቀረ። በቁመት ይለካሉ አለ። መቃኑ ላይ ምልክት አድርገው፣ ከምልክቱ ያለፈውን ይወስዳሉ።

የጽዋ ማኅበርተኛዬ የአልማዝ ልጅ ገና አሥራ አራት ነው። እንደ ማሽላ ተመዝዞ ጣራ ሊነካ ደርሷል። ዝም ካልኩ እሱ ይሄዳል። እውነቱን ከተናገርኩ የጎረቤቴ የጥሩወርቅ ልጅ፣ ይርጋ፣ ይሄዳል።

እራት አልበላሁም። ጾም ነው ብዬ ነው። አይደለም።

ኅዳር 13

ጥሩወርቅ መጣች። ግድግዳችን አንድ ነው። ልጅ ወልጄ ቢሆን እሷን ብትመስል ደስ ባለኝ፤ አልነግራትም እንጂ፣ ትቀብጣለች። የበኩር ልጇ ሰሜን ዘምቶ መርዶው መጣ። የቀራት ይርጋ ነው።

ምንም አልጠየቀችኝም። ወገቤን በሰሊጥ ዘይት አሸችኝ። «እማማ፣ ወገብዎ እንደ ጠባይዎ ነው፤ አይታጠፍም» አለችኝ። አፍሽን ይዘሽ እሺ አልኳት። ስለ ፍየሏ አወራች። ስለ ማሽላው አወራች። ስለ ሰኞ አንድ ቃል የለም። ብትለምነኝ እቆጣት ነበር፤ ቁጣ ይቀለኛል።

ይርጋን የወለደችው በማሽላ መጠበቂያው ማማ ላይ ነው። ወፍ ስታባርር ምጥ ያዛት፤ መውረድ አቃታት። መሰላሉን ወጣሁ። ወንጭፉ ከእጇ ሳይወጣ ልጁን በነጠላዬ ተቀበልኩት። ከታች ያሉት ሴቶች እልል ሲሉ ወፉ ሁሉ ካዝመራው ባንዴ ተነሣ፤ ሰማዩ ጠቆረ። ቀኑን አውቃለሁ። ዓመቱን አውቃለሁ። ላንቺም አልጽፍልሽም።

ኅዳር 17፣ ማለዳ

ይርጋ ውኃ ቀድቶ አመጣልኝ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰኞ እውነቱን እንድናገር፣ እሱ እንደማይፈራ ነገረኝ። ካልፈራህ ጀሪካኑ ለምን ይንቀጠቀጣል አልኩት። ሳቀ። ጢም አብቅሏል፤ ሲስቅ በእጁ ይዳብሰዋል። ይኮራበታል፣ ቂሉ።

ለጽዋ ማኅበራችን የምነግረው የአስቴርን ታሪክ አዘጋጅቼ ነበር። ተውኩት። ኦሪት ዘፀአትን ገለጥኩ። ፊደሉ እየደበዘዘብኝ ነው፤ ግድ የለም፣ በቃሌ ነው።

ኅዳር 21፣ ከማኅበር መልስ

ዛሬ ጽዮን ናት። ማኅበሩ አልማዝ ቤት ነበር። በየወሩ ከጽዋው በኋላ ከመጽሐፍ አንዲት ሴት እነግራቸዋለሁ። ሩትን ስነግራቸው አለቀሱ። ሐናን ስነግራቸው አለቀሱ። ያችን የጦር አለቃውን በድንኳን ካስማ የቸነከረችውን ኢያዔልን ስነግራቸው ግን አስደገሙኝ።

ዛሬ ሲፓራና ፉሐ፣ የዕብራውያን አዋላጆች። ፈርዖን ጠርቶ ወንድ ሲወለድ ግደሉ አላቸው። እግዚአብሔርን ፈሩ፤ አልገደሉም። ሲጠየቁም የዕብራውያን ሴቶች ብርቱ ናቸው፣ እኛ ሳንደርስ ይወልዳሉ አሉት።

አልማዝ እጇን አወጣች። (ሳያወጡ መናገርን የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።) ዋሹ ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሌላ ጊዜ መልሱ ከአፌ ይቀድመኛል። ዛሬ ጥያቄውን ለእነሱው መለስኩት። ተያዩ።

«ለፈርዖን የተነገረ ደግሞ ውሸት ይባላል?» አለች አንዷ።

«አንቺ ለባልሽም እንደዚሁ ነው የምትይው» አለቻት ሌላዋ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳልወድ።

ያኔ ጥሩወርቅ ተነሣች። «እማማ፣ ስለ ይርጋ ብለው አፍዎን እንዳያበላሹ። የአልማዝ ልጅ ይትረፍ፤ እውነቱን ይናገሩ። የኔን ለእመቤቴ ሰጥቻለሁ።» ድምፅዋ አልተሰበረም። ተቀመጠች፤ ከፊቷ ካለው ዳቦ ቆርሳ ለአልማዝ ሰጠች። አልማዝ ተቀበለች፤ መብላት ግን አልቻለችም። በሁለት እጇ እንደያዘችው ቀረች።

ይህን ሁሉ ዘመን ልጇን ለእግዚአብሔር ስለ ሰጠችው ስለ ሐና አነበብኩ። ሐና ጎረቤቴ ትሆናለች፣ እጇም ሰሊጥ ዘይት ይሸታል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ስንወጣ የሊ/መ ሚስት ነጠላዋን እያጣፋች፣ ማንንም ሳታይ፣ ለበሩ ነገረችው። «ጓድ ባሌ እማማ ያሉትን ይጽፋል። የወረዳ ሰዎች ግን ጢም ያያሉ።» ይህን ብላ ሄደች። ሁላችን ሰማን። ማንም አልሰማሁም አላለም፣ ሰማሁም አላለም።

እዚያው ቀን፣ ሲመሽ

ኦሪቱን እንደገና ከፈትኩ። እግዚአብሔር ለአዋላጆቹ መልካም አደረገላቸው። ቤት ሰጣቸው። ስለ መልሳቸው የተግሣጽ ቃል ፈለግሁ፤ ከላይ፣ ከታች። የለም። አባቴ ቢኖሩ ትርጓሜ ያወጡለት ነበር። እኔ ትርጓሜ የለኝም። ያለኝ ፍርሃት ነው። አዋላጆቹም ሳይፈሩ አልቀሩም፤ ከፈርዖን አብልጠው የሚፈሩት ነበራቸው እንጂ።

ይርጋ አሥራ ስምንት ሞልቶታል፤ አልፎታልም። ይኸው ጻፍኩልሽ። እንደሱ ያለፋቸው ሌሎችም አሉ፤ እናት አላቸው። ለይርጋ ብቻ ብዋሽ አድልዎ ነው። አድልዎ ደግሞ አልወድም። ዋሽታ አታውቅም ብለው አምነውኛል። ያን እምነት ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ አኖረዋለሁ?

ነገ መጀመሪያ፦ አንቺን፣ ደብተሬን፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎተራው ሥር መቅበር። ቅር አይበልሽ፤ ዕድሜው ተጽፎብሻል። ከዚያ የሟች ባለቤቴን ምላጭ ፈልጎ መሳል፤ ይርጋን ጠርቶ በእናቱ ፊት መላጨት። ከተከራከረ ጆሮውን መያዝ። ሌሎቹም ጢማሞች በተራ። ከዚያ ዳዊት፣ ቆሜ። ነጩ ቀሚስ። ከዘራው እቤት ይቀራል፤ አርጅታለች፣ ትረሳለች እንዳይሉኝ። የአልማዝን ልጅ በእውነቱ፣ አሥራ አራት። የቀሩትን አንዱንም ከአሥራ ሰባት ሳላስበልጥ፣ በየስማቸው፣ ሳልንተባተብ። ወሩንም መጨመር፤ ወር የሌለው ውሸት የሰነፍ ነው።

ለነፍስ አባቴ የምናዘዘው ከማሽላ አጨዳ በኋላ ነው። ቀድሜ ብናዘዝ ቃልሽን መልሺ ይሉኛል፤ ልጆቹ ደግሞ ለአጨዳው ያስፈልጋሉ።