የዓርብ ሚዶ

ሐሙስ፣ ጥር 14
ጅዳ፣ ኑዝላ

እማዬ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ለሞተ ሰው መጻፍ ያሳፍራል። አንቺ ግን በሕይወት ሳለሽም አፌ ያልተናገረውን ከፊቴ ላይ ታነቢው ስለነበር፣ አሁንም የምትሰሚኝ ይመስለኛል። ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ ፊደል ያቀናሽልኝ አንቺ ነሽ፤ የተሳሳትኩት ቢኖር እንደ ድሮው በልብሽ አርሚው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ። ስልክሽን አልዘጋሁትም። ዘሃራ ከመካ መልእክት ስትልክልሽ በአንቺ ስም የምመልስላት እኔ ነኝ።

ከተለየሽን ሦስት ወር ሆነ። ጥምቀትም ያለ አንቺ አለፈ። መጋረጃ ዘግተሽ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅሽን ቀንሰሽ የምትዘምሪውን መዝሙር እኔ ልዘምረው ብዬ ነበር፤ ገና ሳልገፋበት አቆምኩ። አባዬ እንዳልሰማ ሆኖ ጫማውን መጥረግ ጀመረ። ጫማው ንጹሕ ነበር።

አባዬ ከወደቡ መጋዘን ሲመለስ በሩ ላይ ትንሽ ይቆማል። ቁልፍ የሚፈልግ ይመስላል፤ ቁልፉ ግን በእጁ ነው። ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ። ሽሮው ቢቀጥንም፣ ጨው ቢበዛበትም "እጅሽ የእናትሽ ነው" ይለኛል። ውሸት ኃጢአት ነው እያልሽ ስትቆጪው የኖርሽው ሰው እንዲህ ሆኖልሻል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ዓርብ ነው።

ዓርብ ቤታችን የእኛ አልነበረም። በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች እረፍት ሲያገኙ ወደ አንቺ ይመጡ ነበር። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው እንዲቀመጡ አባዬ በጠዋት ይወጣል። ዓሣ ይገዛና በበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንኳክቶ፣ ዞር ሳይል ይሄዳል። ሥጋ ቢሆን ማን ባረከው ይባል ነበር፤ ዓሣ ግን ለእስላምም ለክርስቲያንም ይሆናል። አንቺ ውሃ ታሞቂያለሽ፣ ሚዶሽንና ዘይትሽን ታቀርቢያለሽ፣ ሻሽ ውስጥ ታስሮ የከረመውን ጸጉር ትፈቺያለሽ። የማንንም ሃይማኖት ስትጠይቂ ሰምቼ አላውቅም። አብዛኞቹ የወሎ ሙስሊሞች ነበሩ።

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር። ሰው እንደማፍር ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ማዳሞቻቸውን ያማሉ፤ ቆይቶ አንዷ ዝም ትላለች። ዝም ስትል እያለቀሰች መሆኑ ይገባኛል። አንቺም ይገባሻል፤ ግን አትጠይቂም። ሚዶው ብቻ ቀስ ይላል።

አንድ ጊዜ ለምን እንዲህ እንደምትደክሚ ጠየቅሁሽ። ወገብሽን ይዘሽ "ጌታ የሰው እግር አጠበ፤ እኔ ማጎንበስ አልችልም፣ ራስ ይሁንልኝ" ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ሌላ ስብከት ከአፍሽ አልወጣም።

ዘሃራ መካ ነው የምትሠራው። መጀመሪያ ያገኘናት እዚሁ ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር፣ ጨርቅ ቤት ውስጥ ነበር። ማዳሟ ጨርቅ ስትመርጥ እሷ ዕቃ ተሸክማ ቆማ፣ በሻሿ ላይ ራሷን ታክ ነበር፤ ሰው ያያት ሲመስላት እጇን ትደብቃለች። ጠጋ ብለሽ በጆሮዋ የሆነ ነገር አልሻት። ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። ማዳሟ ጅዳ ያለች እህቷን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ የእህቷ ቤት ከእኛ ስለማይርቅ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትለቃት ጀመር።

በመጀመሪያው ዓርብ ሻሼን አላወልቅም ብላ አስቸገረችሽ። "እትዬ ብርቄ፣ ወላሂ ትጸየፊኛለሽ" አለች። አንቺም "እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ስንት በግ ሸልቻለሁ። ነይ ቁጭ በይ!" አልሻት። መጋረጃው ኋላ ሳቄ አመለጠኝ። ያን ቀን ነው ጸጉር ከጫፍ ጀምሮ መፍታትን ለእሷ ስታስረጂ የሰማሁሽ። ከሥር የጀመረ ያስለቅሳል አልሽ።

አባዬ በመጋዘኑ መኪና ወደ ጣኢፍ ዕቃ ሲያደርስ ይዞን የሄደበት ቀን ትዝ ይልሻል? መንገዱ ለሁለት ሲከፈል የሙስሊሞች መኪኖች ወደ መካ ቀጠሉ፣ እኛ ሙስሊም ላልሆነ በተተወው ታጠፍን። አንቺ አንገትሽን አዙረሽ ተራራውን እያየሽ "ልጄ እዚያ ውስጥ ናት፤ ምሳ በልታ ይሆን?" አልሽ። አጠገብሽ የተቀመጥኩት እኔ፣ ልጅሽ እኔ ነኝ ልልሽ ነበር። ልትገቢበት የማይፈቀድልሽ ከተማ ውስጥ ልጅ እንዳለሽ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ሳጥንሽ በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት ሲሄድ፣ እኔና አባዬ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ኢቃማው፣ ስላልታደሰ ቀረን። መንዝ ሲቀብሩሽ አፈር አላለበስንሽም። ያን ቀን ግራና ቀኝ ይዘው ያቆሙኝ፣ ዓርብ ዓርብ ጸጉራቸውን ያበጠርሽላቸው ሴቶች ናቸው። ፊታቸውን እንኳ በደንብ አላውቀውም ነበር። "አይዞሽ የኔ እህት" ሲሉኝ ነው በድምፃቸው የለየኋቸው።

ከለቅሶው በኋላ እየቀሩ ሄዱ። ሚዶውን የሚያነሳ የለማ። አባዬ ግን አሁንም ዓርብ ጠዋት ይወጣል። ማንም አይመጣም፤ እሱ ግን ዓሣውን በሩ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንኳክቶ ይሄዳል።

ሞትሽን ያልሰማች ዘሃራ ብቻ ናት። ማዳሟ ስልኳን ስለምትይዝባት አልፎ አልፎ ድምፅ ትልካለች። ከሞትሽ በኋላ "እትዬ ብርቄ፣ አፊያ ነሽ? ሕመሙ ተሻለሽ? ሐረም ለሶላት ስገባ ላንቺ ዱዓ ሳላደርግ አልወጣም እኮ። አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ" የሚል መጣ። አባዬ ሰምቶ ፊቱን አዞረ። ደውለን እንንገራት፣ ነውር ነው አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

የከለከለኝ ራስሽ የነገርሽኝ ነገር ነው። አያቴ ስትሞት መርዶሽን በስልክ ነበር የሰማሽው። ያኔ ሰው ቤት ትሠሪ ነበር፤ ልብስ እየተኮስሽ ነበር። አገር ቤት ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ደጅሽ መጥቶ፣ ደግፎ ይዞ ነበር የሚያረዳሽ። እዚህ የያዘሽ ሰው አልነበረም። ማዳምሽ "ያላ፣ ቶሎ" ስትልሽ የቀረውን ልብስ ተኩሰሽ ጨረስሽ። "ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ የሚይዘው እጅ ይኑር" ብለሽኝ ነበር። ስለዚህ ለዘሃራ "ደህና ነኝ፣ ስትመጪ እንገናኛለን" ብዬ ጻፍኩላት። ውሸቱ ያሳፍረኛል። የሰው ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ስትወድቅ ሳስበው ግን የባሰ ይሆንብኛል።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ድምፅ ላከች። "እትዬ፣ ነገ ጅዳ ነን! ማዳም ፈቅዳለች፣ ኸላስ! ጸጉሬ የወፍ ጎጆ ሆኗል፤ ወፏ ብቻ ናት የቀረችው። ዘይቱን ደብቂልኝ፣ እነዚያ ሆዳሞች ቀብተው እንዳይጨርሱት" ብላ ትስቃለች። ደጋግሜ ሰማሁት። ያን ሳቅ የማቆመው እኔ ነኝ።

አባዬ ነገ ቤት ልቅርና እኔ ልንገራት አለኝ። እሱ ካለ ሻሿን አታወልቅም፤ ስታለቅስም ሊይዛት አይችልም። አይሆንም አልኩት። ትንሽ አየኝና "እናትሽ ብትሰማሽ…" ብሎ ቀረ።

ቀኑን ሙሉ የምናገረውን ሳስብ ዋልኩ። በር ላይ "እትዬስ?" ማለቷ አይቀርም። ጥቁር ልብሴ ይንገራት እንዳልል፣ እዚህ አገር ሴት ሁሉ ጥቁር ትለብሳለች። አፌ ደግሞ ያው አፌ ነው። ከዚያ ጸጉሬ ትዝ አለኝ። አንቺ ስትሄጂ እንደ አገርሽ ሴቶች ለሐዘን ተቆርጬዋለሁ፤ እስካሁን ከአባዬ በቀር ያየው የለም። ዘሃራ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ያደገች የወሎ ልጅ ናት። ስታየው ታውቃለች።

እማዬ፣ አልረሳሽም። ማስታወስ ግን መጋረጃ ኋላ ተቀምጦ ማልቀስ ብቻ አይመስለኝም። ነገ አባዬ ሲወጣ መጋረጃውን እሰበስበዋለሁ። ውሃ አሞቃለሁ፣ ሚዶሽን አጥባለሁ፣ ዘይቱን አቀርባለሁ። ዘሃራ ስታንኳኳ ሻሼን አውልቄ በሩን እከፍታለሁ፤ ከመውደቋም በፊት እይዛታለሁ። እስኪበቃት ታልቅስ። ውሃው ቢቀዘቅዝ እንደገና አሞቀዋለሁ። ከዚያ እንደ አንቺ አስቀምጫት፣ ከጫፍ እጀምራለሁ።

ልጅሽ