ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። አባባ ይበላል፣ ይተኛል። እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ።

ትችይዋለሽ ወይስ ልምጣ ብለሽ ሦስት ጊዜ ጽፈሽልኛል። ሦስቴም እችለዋለሁ አልኩሽ።

ለሆስፒታሉ ልብስ ንጽሕና ክፍል አዳዲስ ማሽኖች መጥተዋል። መመሪያቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ኃላፊዎቹ በምሳ ሰዓት እየተማርን ነው። ሰኞ አስተማሪው «ማኔጅ» የሚል ግስ ሰጠን። ሰው ማስተዳደርም ነው፣ አስቸጋሪ ነገር እንደምንም መወጣትም ነው፣ ያለ ሰው እርዳታ ችሎ መኖርም ነው አለን። በሦስቱም ከየራሳችሁ ኑሮ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ፣ የመጨረሻው ግን በአሉታ ይሁን ብሎ አዘዘን።

የመጀመሪያው አላስቸገረኝም። አሥራ አንድ ሠራተኞች አስተዳድራለሁ ብዬ ጻፍኩ። ወንበሩ ሠላሳ ዓመት የአባባ እንደነበር አልጨመርኩም።

ሁለተኛውን አልነገርኩሽም። አባባን ከሕንፃ አናት ማውረድ ቻልኩ።

ያረጁ አንሶላዎች እንደማመጣለት ታውቂያለሽ። ቀኑን ሙሉ ሲያጥፋቸው ይውላል። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት እበትናቸዋለሁ፣ ሥራ እንዳይፈታ። አሁንም ስፌቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ነው የሚያጥፈው፤ የታመመ ገላ ስፌት አይነካውም ይላል። እኔን አዲሷ ነው የሚለኝ።

ባለፈው ሳምንት ክምሩን በትከሻው ተሸክሞ ሳላየው ወጣና ሆስፒታል ሄደ። ኮረንቲ የምንላት አጣቢ በሩ ላይ ስታየው፣ ሴቶች ቀጥ በሉ፣ አለቃ መጡ ብላ ጮኸች። ሁሉም ተሰለፉ። አንድ በአንድ አያቸውና ኮረንቲን፣ አንቺ ወሬሽን ቀንሺና ሳሙናውን ጨምሪ አላት። እነሱ ሲስቁ እሱ ደረጃውን ይዞ ልብስ ወደምናሰጣበት የሕንፃው አናት ወጣ።

ስደርስ ነፋሱ አንሶላዎቹን ነፍቷቸዋል። አባባ በመካከላቸው ይጠፋል፣ ብቅ ይላል። አንዳንዴ እግሩ ብቻ ይታየኛል፤ የሚራመድ ሳይሆን የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ልዋሽሽ አልፈልግም እትዬ፣ ቆሜ አየሁት። ደስ ይል ነበር። ከዚያ እግሩን መከለያ ከሌለው ጠርዝ ላይ አየሁት።

አባባ ብዬ ብጠራው አይዞርም። አንዱን አንሶላ ከገመድ ጎትቼ ስፌቱን ወደ ውጭ አጠፍኩና፣ አለቃ፣ እንዲህ ነው ወይ አልኩት። በቁጣ ዞረ። ማን ነው ያስተማረሽ ብሎ ነጠቀኝ። እየተቆጣኝ፣ እያረመኝ ወረድን።

ቤት ስንገባ አዘነልኝ መሰለኝ፣ አይዞሽ ትለምጂዋለሽ አለኝ። ታናሽ ልጅ አለችኝ፣ እጇ ያንቺን ይመስላል አለ። የት ናት አልኩት። ሥራ ላይ። እሷ ሁሉን ትችላለች፤ አንድም ቀን አስቤላት አላውቅም አለኝ። ይህን ብሎ አንሶላውን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኛ።

ሦስተኛውን ባዶ አድርጌ አስረከብኩ። አስተማሪው፣ በጣም ቀላሉን ለምን ተውሽው አለኝ። ረሳሁት አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከእናንተ ዘንድ የሚነሳ አውቶቡስ አለ፤ ከቀትር በፊት እዚህ ይደርሳል። ከአባባ ክፍል ጎን ያለውን አልጋ አንጥፌዋለሁ። ትርፉን አንሶላ ስፌቱን ወደ ውጭ አጥፌ ራስጌው ላይ አስቀምጫለሁ፤ እንዳታስተካክዪው። አይቶ ሊቆጣሽ ይመጣል። ያን ጊዜ እንዴት እንደሚታጠፍ ጠይቂው።

ጉልበትሽን ይማርልሽ። መንገዱን ያቅናልሽ።

ታናሽሽ