የዳማው ፈረስ ዋጋና የአስማረ ፊርማ

ዛሬ እሑድ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም ቅበላ ዕለት፣ እኔ ዓባይነህ ይሄነው፣ ጥርባ በሚገኘው ቤቴ መደብ ላይ ተደግፌ ይህን ቃሌን በምስክሮች ፊት እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልሸሸገኝም። አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። የሚጠራጠር ካለ፣ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የማን ላም የማንን አጥር እንደጣሰች ልቁጠርለት። የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህርት ወርቅአየሁ ናት፤ ያልሁትንና የሆነውን ሁሉ ትጻፍ።

አንደኛ፤ ስለ ዕዳዬ። ልጄ ምህረቴ ባጃጅ ልግዛ ብሎ ከአቶ አስማረ የተበደረውን መቶ ሃምሳ ሺህ ብር፣ ባጃጁ ገደል ከገባ በኋላ እኔ ተረከብሁት። በ2015 ዓ.ም. በሽማግሌ ፊት ተፈራረምን። በየዓመቱ ሠላሳ ሺህ ልከፍል፣ እስክጨርስም አስማረ ግማሽ ሄክታር መሬቴን ሊጠቀምበት ተስማማን። ሳልጨርስ ብሞት መሬቱ ስድስት ዓመት ይጨመርለታል፤ ቀድሜ ብከፍል በዕለቱ ይመለሳል። ሦስቱን ዓመት ከፍያለሁ፤ ስድሳ ሺህ ቀርቷል።

ከታመምሁ ወዲህ አስማረ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጠይቀኝ ይመጣል። «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» ሲለኝ «አልሞትሁም» እለዋለሁ። ገንዘቡን ውሰድ ስለው ግን ሁለት ጊዜ «ምን አስቸኮለዎት? ቀኑ ሲደርስ» ብሎኝ ወጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ምስክር ሁነኝ ብዬ ጠራሁት። አዲስ ጋቢ ለብሶ መጥቷል። ስሙ በኑዛዜው ያለ መስሎታል፤ በእርግጥም አለ።

ይጻፍ፤ ባለሱቁ ኑርሁሴን በአደራ ያስቀመጠልኝን ስድሳ ሺህ ብር አሁን አስማረ ፊት አኖረ። አስማረ ተነሣ።

«አባባ፣ ይሄ ወጥመድ ነው።»

«ወጥመድ ቢሆን ሥጋ አኖርልህ ነበር፤ ቅበላ አይደል?»

አስማረ በሩ ላይ ደርሷል። ደረቴን ጨምድዶ ይዞኛል፤ የልጅ ልጄ ቤዛዊት ውኃ ይዛ ቆማለች። ወርቅአየሁ፣ እስክሪብቶሽን አታስቀምጪ።

«መሬቱ ላይ ዲከረንስ ተክያለሁ» አለ አስማረ ፊቱን ሳያዞር። «ዛፉ ለከሰል ሊደርስ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ዛሬ ፈርሜ ነገ ምህረቴ ቢቆርጠውስ?»

ለካ ይሄ ነው! እኔ ቀኔን የሚቆጥር መስሎኝ፣ ሰውዬው ዛፉን ነው የሚቆጥረው። ወይም ሁለቱንም።

ሁለተኛ፤ መሬቱ ለቤዛዊት ይሁን፤ በሕመሜ ያነሣችኝም ያስተኛችኝም እሷ ናት። ሆኖም አስማረ የተከለው ዛፍ ደርሶ ራሱ እስኪቆርጠው ድረስ ማንም ምሳር አያሳርፍበት። እስከዚያ ሣሩን ቤዛዊት ታጭዳለች። ቤዛዊትና ምህረቴ ሁለት ዓመት ይታገሡታል፤ ስድስት ግን አይጨመርም።

ሦስተኛ፤ ምህረቴ፣ ዳማው ፈረሴን ጥር 23 ቀን በፈረሰኞች በዓል ጋለብኸው፤ እኔ በማግሥቱ ሸጥሁት። «ሁለት ዓመት ለቀረው ዕዳ ፈረስ ይሸጣል?» ብለህ ሁለት ሳምንት አኩርፈኸኛል። ሁለት ዓመት ያለህ አንተ ነህ፣ ልጄ። ገዥው ሲወስደው በአዊኛ ተሰናበትሁት፤ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጓሮ አልወጣሁም። ኮርቻውን ለአንተ ትቻለሁ። ፈረሱን ራስህ ግዛ፤ በብድር ግን አይሁን።

አስማረ ተመልሶ ተቀመጠ። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ እኔ አንድ ጊዜም የተነፈስሁ አይመስለኝም። በውሉ ጀርባ «ተከፍሎ አልቋል» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

አራተኛ፤ አስማረ ምንም ሳልወርስ ቀረሁ ብሎ እንዳይከፋው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀመጥበትን በርጩማ ትቼለታለሁ። በመጪው ቅዳሜ ከመጣ፣ ለእኔ ብሎ መጣ ማለት ነው።

ይህ ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ያልሁት ይኸው ነው ብዬ አሻራዬን አኑሬበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ዓባይነህ ይሄነው (አሻራ)

ምስክሮች፦
ቄስ አየነው ዳምጤ (ፊርማ)
ኑርሁሴን መርዋን (ፊርማ)
ወይዘሮ እታለማሁ አድማስ (አሻራ)
አስማረ ምናሉ (ፊርማ)፤ ከፊርማው ሥር በራሱ እጅ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብሎ ጽፏል።