እርፍ ላይ የታሰረ ሶናር

ኅዳር 18 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ጀልባዋ ዛሬም አላለቀችም። ይርጋ ራስጌ እያበጀላት ነው።

የአልጋ ራስጌ ማለቴ ነው፣ ክቡር ደብተር። አበባ የተፈለፈለበት። ይርጋ ደባርቅ ላይ ስሙ የተጠራ አናጢ ነው፤ እሱ በሠራው አልጋ ያልተኛ ሙሽራ፣ እሱ በሠራው ሣጥን ያልተቀበረ ሽማግሌ የለም። ጀልባ ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እኔ አንድ ጊዜ ጎርጎራ ላይ አይቻለሁ፤ ስለዚህ የውሃ ጽ/ቤታችን የባሕር ጉዳይ አማካሪ እኔ ነኝ። ቁመትና ወርዷን በእጄ አሳየሁት። እጄን ትቶ ልማዱን ተከተለ። ፊቷ ራስጌ፣ ኋላዋ ግርጌ ሆነ።

ነገሩ ለታሪክ ይጻፍልኝ። ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲመጡ ከመንገዱ ገባ ብላ ያለችው ትንሿ ግድብ ከተማውን ታጠጣ ነበር። አሁን ቧንቧው ያስነጥሳል እንጂ አያፈስም። ደለል ሞላት ይላሉ። ሞልቷት ከሆነ ግንቡ ከፍ ይደረጋል፤ ግንቡ ከፍ ካለ ውሃው ወጥቶ ዳር ያለውን የእማማ ጥሩን የገብስ ማሳ ከነጎጆአቸው ይተኛበታል። ካልሞላት የቧንቧው አፍ ይጠረጋል፣ እማማ ጥሩም ገብሳቸውን ያጭዳሉ። ይህን የሚለይ ሶናር የሚባል መሣሪያ ከበላይ መጣልን። ጀልባ አልመጣም። በላይ ያሉት ጀልባ በየቤቱ ያለ መስሏቸዋል።

ኅዳር 19፣ ማክሰኞ

ጠብ። ቀኑን ሙሉ።

መሣሪያው ሁለት ነው። አንዱ ቁጥር የሚያወጣው ስክሪን። ሌላው በረጅም ሽቦ የተያያዘው፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው ጥቁር ነገር፤ የሕፃን ጡጫ ያህላል። የመጣበት መጽሐፍ ትራንስዱሰር ይለዋል። በዚህ አገር በዚህ ስም ተጠርቶ የሚያድግ ነገር የለም።

ይርጋ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆመህ ስትጮህ ገደሉ ይመልስልህ የለ፣ አልኩት። ይኸም ወደ ታች ይጮኻል፣ የውሃው ወለል ይመልስለታል። መልሱ ቶሎ ከመጣ ውሃው ትንሽ ነው፤ ከዘገየ ጥልቅ ነው። ገባው። እጅግ ስለገባው እኔን ማዘዝ ጀመረ፦ የሚጮህ ነገር ራስጌ ይታሰራል፤ አፉን ግርጌው ላይ ያደረገ ፍጥረት አሳየኝ።

መጽሐፉ ግርጌ ይላል። ፊት ከሆነ ጀልባዋ የምታስነሣው አረፋ ከሥሩ እየገባ ያደነቁረዋል። ይህን ሳስረዳው ወደ ግርጌዋ ዞረ። ተሸነፈ ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥዬ ግርጌውን ሰርስረን በብሎን እንምታው ስል መሰርሰሪያውን ቂጡ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት። ውሃ እንዳይገባ ሬንጅ ስቀባ ከርሜ አንተ ቀዳዳ ልታወጣላት? እንዲያውስ ማነው የተቀመጠባት፣ መጽሐፉ ነው ወይስ እኔ?

እውነቱን ነው። እኔም መዋኘት አልችልም። በዚህ ተራራ ላይ የሚዋኝ ሰው ካለ ተደብቆ ነው።

ስለዚህ ሳንሰረስር ከግርጌዋ ወደ ውሃው የሚወርድ፣ ጫፉ ላይ ጠምዘዝ ብሎ ጥቁሩን ነገር አፉን ወደ ታች አድርጎ የሚይዝ እንጨት ያስፈልገናል። እንጨት ሞልቷል፤ ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቀጥ ከማለት ሌላ ሙያ የለውም።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ጀልባዋ በኢሱዙ ተጭና ግድቡ ደረሰች። ጭላዳ ሊያዩ የሚሄዱ ቱሪስቶች መኪና አቁመው ፎቶ አነሷት። ራስጌዋን ነው ያነሡት። ይርጋ እስካሁን ፈገግታው አልወረደም።

እማማ ጥሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ማሳውን የእኩል ያሳርሳሉ። ምን መጣብኝ ብለው እንደሚጠይቁ ጠብቄ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉን ያውቃሉ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ይኸ ነገር ይዋሻል? የሰማውን ነው የሚናገር አልኳቸው። እንግዲያው ይናገር፤ ግድቡ ሲቆፈር ዐይቻለሁ፣ ጥልቅ ነው አሉ። ተሸክመን የቆምነውን ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ አይተው ግን ሣቃቸው መጣ። ጎጆ ገብተው የባላቸውን እርፍ ይዘው ወጡ።

እርፍ! አጎንብሶ ወርዶ፣ ጫፉ ላይ እጥፍ ያለ። ገበሬው ለእጁ እንዲመች የጠረበው፣ ለእኛ መጽሐፍ ልክ ሆኖ ተገኘ። ግርጌዋ ላይ ገለበጥነው፣ በጠፍር አሰርነው፣ ጥቁሩን ነገር ጫፉ ላይ አስቀመጥነው። ይርጋ በውሃ ልክ ለካው። እንደ ገበታ ተስተካከለ። ጠፍሩ ብቻ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። እማማ ጥሩ ተዉልኝ፣ አለዝበዋለሁ አሉ።

ነገ ጽዮን ናት፤ ሥራ የለም። የጽ/ቤቱ ዘበኛም የለም። እርፉን ከነሶናሩ ፈትተን እሳቸው ቤት አኖርነው። ከታሸገበት ስፖንጅ ሳወጣው አይተው ኖሮ “ጨቅላው ውርጭ አይምታው” አሉኝ። ስም አገኘ።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ

ጽዮን ማርያም። ነገሠች። ጀልባዋ ብቻዋን ትንሳፈፋለች፤ ከምእመናን ግማሹ ጀርባውን ግድቡ ዳር ላለው ቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ እሷን ያያል። መርጌታ የኖኅ መርከብ ሦስት ደርብ እንደነበራት፣ ይቺ ግን አንድ አልጋ ብቻ እንደሆነች አስተማሩ። ይርጋ ተቀየመ።

ኅዳር 22፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ለካን። መቅዘፊያችን ላይዳ ነው፤ ገብስ ያዘራ የነበረ አሁን ውሃ ያዘራል። ይርጋ ይቀዝፋል፣ እኔ ስክሪኑን ይዤ እንደ ዳኛ ተቀምጫለሁ። ጠፍሩ ለስልሷል፤ እጅ ይባረክ።

ቁጥሩ ከግንቡ ሥር ከጉልበት በታች። መሀሉ ከጉልበት በታች። ወዲያኛው ዳርም እንዲሁ። የትም ብንሄድ አንድ መልስ። ደለል ሞልቷል ማለት ነው። ከግንቡ ሥር እንዴት እንዲህ ይሆናል የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። ሽው ብሎ አለፈ፤ ስክሪን ከሐሳብ ይበልጣል።

ኃላፊያችን አቶ ሙላት ስልክ ላይ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ግንብ ማሳደግ ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ የመሠረት ድንጋይና ምረቃ ነው። ቧንቧ መጥረግን ማን ሪባን ይቆርጥለታል? ሰኞ ስብሰባ ጠርተዋል። የጎንደሩ ዝውውርህም አሁን መልክ ይይዛል አሉኝ። ስንት ዘመን የለመንኩትን ዝውውር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እማማ ጥሩ ዳር ቆመው ጠበቁን። ምን አለ? አሉ። ገና አልጨረሰም አልኳቸው። ዋሸሁ። እሱ አይዋሽም ያልኩት እኔ ነኝ። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ይርጋ በላ። እኔ ትኩሱን እጄ ላይ እያገላበጥኩ ማሳቸውን ሳይ ነበር። ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

ኅዳር 23፣ ቅዳሜ፣ ቀትር

ይርጋ ሞቶ ነበር። አሁን ደህና ነው። ጋቢ ለብሶ እሳት ዳር ይሳደባል።

የቀረች አንዲት ጥግ ነበረች። እዚያ ስንደርስ ስክሪኑ ከጉልበት በታች አለ። ይርጋ ላይዳውን ጭቃው ላይ ተክሎ ጀልባዋን ሊያቆም ፈለገ። ላይዳው መሬት አላገኘም። ይርጋም ላይዳውን ተከተለ። በበላይ አካል ዘንድ ተቀባይነት ባገኘው ቁጥር መሠረት እስከ ጉልበቱ መራስ ነበረበት፤ ላይ የቀረው ባርኔጣው ብቻ ነው።

ወገቡ ላይ የአህያ መጫኛ አስሬለት ነበር። ጎተትኩ፤ ስጎትት ጸሎት ሁሉ ጠፋኝ፣ ይርጋ ይርጋ ብቻ እላለሁ። እሱ እርፉን አገኘ፤ ያዘ፤ አሙለጨለጨው፤ እንደገና ያዘ፤ ወጣ። አስሎ አስሎ ሲያበቃ እጁን አሸተተ። የመጀመሪያ ቃሉ “ልሞት ነበር” አይደለም። “ቅቤ ነው” አለ። “ለጋ።” ከዚያ ጾም መሆኑ ትዝ አለውና እጁን ካፍንጫው አራቀ።

እርፉን ገለበጥኩ። የጨቅላው አፍ በቅቤ ተለስኗል፤ በዚህ ብርድ ውሃ ረግቶ እንደ ሰም ሆኗል። ይጮኻል፣ ጩኸቱ ከቅቤው ሳያልፍ ይመለሳል። ትናንት ያንን ሁሉ ስንዞር የለካነው ቅቤ ነው፣ ክቡር ደብተር። በወረዳው ጾም የገደፈ እሱ ብቻ፤ መልእክቱን ያላደረሰም እሱ ብቻ።

እማማ ጥሩ አልካዱም። ጠፍሩን ሲያለዝቡ ጥቁሩን አይተው አዝነውለት ነው። አናቱ ደርቆ ነበር አሉ። ከሩቅ አገር የመጣ፣ በብርድ ውሃ ሊነከር የተዘጋጀ፤ ማን ጨቅላውን አናቱን ሳይቀባ ከቤት ያወጣል? ይርጋ ጋቢው ውስጥ ሆኖ በጾም እኮ ነው እማማ አላቸው። ጾሙ ለኛ ነው፣ ጨቅላ ጾም የለበትም አሉት።

ያስለቀሳቸው ሌላው ነው። ቁጥሩ ግንቡን ከፍ እንደሚያስደርግ ስነግራቸው እጃቸውን አዩት። በዚህ እጄ? አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ውሃ ጣዱ፣ ሳሙና አመጡ፣ ራሳቸው አጠቡት፤ ጥግ ጥጉን በነጠላቸው ጫፍ።

ያው ዕለት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ይርጋ ካልሄድኩ አለ። ላይዳው ጠፍቷልና በሣጥን ክዳን ቀዘፈ። የማን ሣጥን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከግንቡ ሥር ጥልቅ። መሀሉ ጥልቅ፤ ይርጋ ትከሻው ላይ ሌላ ይርጋ ቢያቆም የላይኛው ባርኔጣም አይታይም። ግድቧ አልሞላችም። የቧንቧው አፍ ነው የተደፈነው። በድንጋይና በመጫኛም አረጋገጥኩ፤ ከእንግዲህ ስክሪን ብቻውን አይመሰክርም።

በእማማ ጥሩ ማሳ በኩል ግን ጭቃ። ብዙ ጭቃ። እየተቆለለ ወደ ቧንቧው የሚሄደው ከዚያ ነው። ማሳው እስከ ውሃው ከንፈር ታርሷል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይንሸራተታል። ደስታዬ ግማሽ ሆነ።

ኅዳር 24፣ እሑድ

አቶ ሙላት ጋ ደወልኩ። ጥርጣሬ አለኝ አልኩ፤ ስለ ቅቤው አፌ አልታዘዝ አለኝ። ቁጥሩ ወደ ላይ ወጥቷል፣ የወጣ ቁጥር አይወርድም አሉ። እንደ ዕርገት ነው። ሰኞ መጥተህ አረጋግጥ፣ ሌላ ነገር አታብዛ፣ ጎንደርን አስብ። ጎንደርን አሰብኩ። ያለ ውርጭ የሚነጋበት ከተማ።

ከቅዳሴ በኋላ እማማ ጥሩ ጋ ሄድኩ። ጥልቀቱን ነገርኳቸው፤ ተመስገን አሉ። ጭቃውንም ነገርኳቸው። ምን ያህል ነው? አሉ። ወገቤን አሳየኋቸው። ደጃፋቸው ላይ ቆመው ቁልቁል ማሳውን፣ ከዚያ ውሃውን ብዙ አዩ።

“ታዲያ የኔን መሬት ነዋ የለካኸው። በባሌ እርፍ” አሉ። ደግሞም፦ “ውሃው መጣብኝ ስል እኔው ቀድሜ ገብቼበት ኖሯል።”

ያልሣቅኩት ሣቅ ነበር። እሳቸው ሣቁ። ገብሱ ከታጨደ የማሳውን ግርጌ ለሣር እተወዋለሁ፣ አይታረስም አሉ። ትንሽ መሬት አይደለም። የእኩል አራሹ ቅር እንደሚለውም ያውቃሉ፤ ለሱ እኔ አለሁለት አሉ። ስወጣ ክንዴን ያዙኝ። እዚያ ስብሰባ ላይ እኔ ነኝ የቀባሁት በል፣ አሮጊት ናት ቢሉኝ ምን እሆናለሁ? አንተ ሹመት አለህ።

ሹመቴን ፈለግኩት። ከላይዳው ጋር ሳይሰምጥ አልቀረም።

ኅዳር 25፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

እሄዳለሁ። ወስኛለሁ፤ ተኝቼም ስነሣም ያው ነው።

እርፉን ከነጨቅላው የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ከጠፍሩ ሥር የቀረ ቅቤ አለ፤ ሳይጠረግ ይዤዋለሁ፣ የፈለገ ያሽትት። የምለውን ተለማመድኩ፦ ክቡራን፣ ያረገው ቁጥር የቅቤ ቁጥር ነው፤ ወደ ውሃ ከመውረዱ በፊት ይጠረግ ይላል መጽሐፉ፣ ሳልጠርገው ያወረድኩት እኔ ነኝ። ካላመናችሁ ይርጋን ጠይቁ፤ ጥልቀቱን በባርኔጣው ያውቀዋል። ማን ቀባው ካሉ ደግሞ በጾም ቅቤ ከተገኘ ጾም ገዳፊ እየተባልኩ ከምታማው ከኔ ሌላ ማን ይጠረጠራል እላለሁ። ይህን ሁሉም ያምናሉ።

ከምሳ በኋላ ደባርቅ ላይ ስሜ ቅቤው ነው። ይርጋ ከትናንት ጀምሮ ጀምሮታል። ጎንደር ደግሞ የነገሥታቱ ግንብ ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ የትም አይሄድም።

ኢሱዙው ጥሩምባ ነፋ። ይርጋ ጭነቱ ላይ ወጥቶ እርፉን አቅፎታል፤ ና ቅቤው፣ ብርዱ ጨቅላውን ገደለው ይላል። ክቡር ደብተር፣ እዚህ ይቆዩኝ። እኔ ሄድኩ።