ወረቀቱን ከአፍህ አንሳ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
የዩኒፎርም ሰፊዎች ዛሬም መጡ፤ ሰማያዊ ክር አለቀብኝ። ነገ የክርና የዚፕ ሱቄ ሳይከፈት ማምጣት አለብኝ።
ልጄ ራኬብ ማታ ሦስቴ ጠርታኝ አልሰማኋትም። "ሐሙስ ቤቴል ሆስፒታል እንሄዳለን፣ ጆሮሽን ትታያለሽ" አለች። ማን ጠየቀኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ተናድጃለሁ! የጆሮ መርማሪው ልጅ እግር ነው። አፉን በወረቀት ከልሎ፣ "የምልዎትን ይድገሙልኝ፣ እናቴ" አለ። በግ... ሙዝ... ከዚያ የማይያዝ ነገር። ከሃያ አምስቱ ቃል አሥራ አንድ ብቻ አገኘሁ።
"ወረቀቱን ከአፍህ አንሳ" አልኩት።
"አይቻልም፤ የምንለካው ጆሮዎን ነው።"
ኧረ በሞቴ! ማን ነው ሱቄ መጥቶ "በግ" ብሎ ዝም የሚለው? ሰው ሲያወራ ፊት አለው፣ እጅ አለው፣ የመጣበት ጉዳይ አለው።
ታክሲ ውስጥ ራኬብ፣ "እማዬ፣ ሱቁን ዝጊው በቃ። ሳትሰሚ እንዴት ትሸጫለሽ?" አለች። ሃያ ሁለት ዓመት የቆምኩበትን!

ዓርብ
አላለቀስኩም። ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
"ነይ፣ አንድ ቀን አብረሽኝ ቁሚ" አልኳት። መጣች። የኮልፌ ጫጫታ ዛሬ አይጣል ነበር።
ልብስ ሰፊው ኢብራር እንደ ልማዱ ስፒሎቹን በጥርሱ ነክሶ ገባ። ሥራ ላይ ከሆነ መቼ ያወጣቸዋል? "እምም... ምም" አላት። ራኬብ፣ "አቤት?" አለች። ደገመላት። "ምን አሉኝ?" ጤነኛ ጆሮዋን ይዛ ፈጠጠች!
እኔ ክንዱን አየሁ። የሙሽራ ቀሚስ ጥሎበታል፣ ጀርባው ገና ክፍት። ረጅሙን ነጭ ዚፕ አወረድኩለት። ሳቁ ሲመጣበት ስፒሎቹን አወጣና፣ "እትዬ ዓለም እኮ ሳልናገር ነው የሚሰሙኝ" አላት።
ግን ለራሴ ልዋሽ? ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ጠርተውኝ አልሰማሁም፤ ተቀይመው ሄዱ። ስንት ዓመት ሳልሰማ "እሺ፣ እሺ" አልኩ? ለምን ደበቅኩ... ሰረቅኩ እንዴ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ካርቶን ቆርጬ በትልቁ ጻፍኩ፤ በሩ ላይ ሰቀልኩ። "ጆሮዬ ደክሟል። ፊት ለፊቴ ቁሙና ተናገሩ።" ጎረቤት ሁሉ አነበበው። ያንብብ! ደንበኛው እየመጣ ፊት ለፊቴ ይቆማል፤ እሸጣለሁ።
ራኬብ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አነበበችው። ገባች። ትከሻዬን ነካ አድርጋ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።
"ሱቁን ዝጊ ማለቴ... ጥፋቴ ነው። ይቅርታ፣ እማዬ።"
አንድም ቃል አላመለጠኝም።
"አልሰማሁም፤ ድገሚው" አልኳት።